ደርበሽ ጹሚልኝ

እኔ ቀልደኛ ነኝ። ነበርኩ ልበል። ሰቆጣ በልጅነቴ ጎረቤቱ ሁሉ «የዚህ ልጅ አፍ ሥራ አይፈታም» ይለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ «አንድ ቀን ይኸው አፉ ያስበላዋል» ትል ነበር። ያለችው ስለ እኔ ነው፤ የተበላችው ግን እሷ ናት። ይህን ነገር ለማሳመር ብዬ አይደለም የምጽፈው። የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ሰው ደግሞ አያውቀውም።

ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ ደሴ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ፣ የእንስሳት ሕክምና ለመማር ወደ ዩጎዝላቪያ ከሚላኩት ተማሪዎች አንዱ ሆንኩ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቀደም ብለው አርፈዋል። ቤት የቀሩት እናቴና ባሏ የሞተባት ታላቅ እህቴ ናቸው። እናቴ አማርኛ የምታውቀው ለገበያ የሚበቃትን ያህል ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቋንቋዋ ኽምጣኛ ነው። ማንበብና መጻፍማ ከየት ይመጣል! ስለዚህ ልሄድ ስል የነፍስ አባታችን ነገሩን ወሰዱት። የእኔን ደብዳቤ በአማርኛ እያነበቡ በኽምጣኛ ይነግሯታል፤ እሷ በኽምጣኛ የምትለውን ደግሞ በአማርኛ ይጽፉልኛል። ያን ጊዜ ኽምጣኛን በወረቀት ላይ ያየ ሰው አልነበረም፤ እኛም ይጻፋል ብለን አስበን አናውቅም።

ከአባቴ የደረሰችኝ አንዲት ጊደር ነበረችኝ። እሷን ለእናቴ «አደራ» ብዬ ሰጠኋትና ሄድኩ። ብዙ ሰው ይህን ቃል ለስንብት ማሳመሪያ ይጥለዋል፤ ደብዳቤ ላይማ በየመስመሩ ጫፍ «አደራ፣ አደራ» ነው። እናቴ ዘንድ ግን ቀልድ የለም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ከሚለው ተረት ውስጥ የወጣች ሴት ነበረች። አንድ የዚያው የዋግ ዝቋላ ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ አንድ ማሰሮ ማር ቤታችን አስቀምጦ ነበር። ሰውየው በሄደበት ሞቶ ቀረ። እናቴ ማሩን ሰባት ዓመት ጠብቃ፣ አፉን እንኳ ሳትከፍት፣ አገሩ ጽጽቃ ድረስ ሰው ልካ የሰውየውን ልጅ አስጠርታ አስረከበችው። እኛ ልጆቿ ማሰሮውን እያየን ምራቃችንን ስንውጥ ኖረናል።

ቤልግሬድ የገባሁት ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ መማሪያ ነበር። የተማሪ ማደሪያ ውስጥ አንድ ረጅም የአገሩ ገበሬ ልጅ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ደረሰው። ደግ ልጅ ነው፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያንኮራፋል፣ ጠዋት ደግሞ «ለምን ዐይንህ ቀላ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ብርዱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! የሰቆጣ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ ይኸኛው ግን ፀሐይዋን ራሷን አብርዷት ነበር የሚያወጣት። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ እናቴን እያልኩ አለቀስኩ።

ከብርዱ የባሰው ምግቡ ነው። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ረቡዕና አርብ የፍስክ አልበላም፣ የአሳማ ሥጋማ ስሙም አይነሳብኝ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ባቄላው ሳይቀር አሳማ ገብቶበታል። ዳቦና ሻይ፣ ዳቦና ማርማላታ እያልኩ ከሳሁ። አንድ አርብ ቀን ምግብ ከሚያወጡት ሴቶች አንዷ፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴትዮ፣ ሳህኔን አየችና ጎንበስ ብላ «ፖስት?» አለችኝ። እኔ ያወቅሁ መስሎኝ፣ «አዎ፣ ትናንት ደረሰኝ፤ ከእናቴ ነው» አልኳት። አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ በመሐረብ አፏን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለካ በእነሱ ቋንቋ «ፖስት» ማለት ጾም ነው! ግራ ቀኝ አየች፤ የአገሩ መንግሥት ሃይማኖት አይወድም ነበርና፤ ከሽርጧ ሥር በሁለት ጣቷ ትንሽ አማተበችና «እኔም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕና አርብ ጨውና ሽንኩርት ብቻ የገባበት ባቄላ ለብቻው ታስቀምጥልኝ ነበር። አገሩን መልመድ የጀመርኩት በእሷ ባቄላ ነው ብል አልዋሸሁም።

በሁለተኛው ዓመት የእነሱ የብርድ ወራት ሊወጣ ሲል ሳንባ ምች ያዘኝ። ሆስፒታል አስተኙኝ፤ ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ሐኪሟ ወተት አዘዘችልኝ። እንቢ አልኩ። «እንግዲያው ሙት» አለችና ብርጭቆውን ራስጌዬ አስቀምጣው ሄደች። በማግሥቱ ጠጣሁት። የመጀመሪያውን ስጎነጭ እንባዬ ከወተቱ ጋር ተደባለቀ። በሦስተኛው ቀን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ «ሌላ የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ድኜ ስወጣ ጾሙን አልመለስኩበትም። ለጊዜው ነው አልኩ፤ ሰውነቴ እስኪጠና ነው አልኩ፤ ከዚያ ማለቱንም ተውኩት። አንድ አርብ ሴትዮዋ ባቄላዋን ስታቀርብልኝ «ትቼዋለሁ» አልኳት። ሳህኑን አንስታ፣ ሌሎቹ የሚበሉትን ጨልፋ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ አልከለከለችኝም፤ ያ ሳቋ ግን ቀረ።

እኔ ግን ሰው ሆንኩ። ቋንቋው አፌ ውስጥ ገባ፤ ወፍራም ካፖርት ገዛሁ፤ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ኳስ ማየት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭፈራ ቤት መሄድ ለመድኩ። ቀልዴም ተመለሰ። የእናቴ ደብዳቤ በዚያው ሰሞን መጣ። በነፍስ አባታችን እጅ ተጽፎ፣ «ከናፍቆትህ በቀር እኔ ደህና ነኝ» ከሚለው ቀጥሎ፣ «ልጄ፣ ጾምህን እንዴት አድርገህ ትጾማለህ? በባዕድ አገር ማን የጾም ወጥ ይሠራልሃል?» ይላል። ጓደኛዬ በር ላይ ቆሞ «ኳሱ ሊጀመር ነው!» እያለ ይጣራል። እኔም እየሳቅሁ ጠረጴዛ ላይ ተደፋሁና ጫርኩት፦

«የጾሙን ነገር ተይው እናቴ። እዚህ አገር ጾም የሚባል የለም፤ እኔም ትቼዋለሁ። አንቺ መጾም ታውቂበታለሽ፤ የእኔንም ደርበሽ ጹሚልኝ። አደራ።»

ይኸው ነው። አራት መስመር አይሞላም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከብዕር ከወጣ ደግሞ በፖስታ ተጭኖ ባሕር ይሻገራል። ከዚያ ሮጥኩ። ኳሱ በዜሮ ለዜሮ አለቀ።

መልሱ ከወራት በኋላ ደረሰኝ። ከሰላምታው ቀጥሎ፣ «አደራህ በደህና ነው። እስካሁን አልጎደለም። አንተ ትምህርትህን ተማር» ይላል። እሰይ፣ አልኩ፤ ጊደሯ ደህና ናት ማለት ነው። የምን አደራ ሌላ አለኝ? ቀልዱንማ ኳሱ ሳያልቅ ረስቼዋለሁ። ወልዳም ይሆናል ብዬ አሰብኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «አደራዬን በመጠበቅሽ ደስ ብሎኛል። በዚሁ በርቺ፤ ይብዛልኝ።»

ይብዛልኝ! ምነው በዚያን ቀን እጄን በቆረጠኝ።

ከዚያ በኋላ በመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ አንድ መስመር አይጠፋም፤ «ስለ አደራህ አታስብ»። እኔም አላሰብኩም። ትምህርቴን ጨረስኩ። ላም በሩቁ አይቼ ምን እንደጎደላት የምናገር ሐኪም ሆንኩና በስድስተኛው ዓመት ወደ አገሬ ተመለስኩ።

ከኮረም እስከ ሰቆጣ በበቅሎ ነው የገባሁት። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ወሩ ኅዳር፣ የገና ጾም ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። ሰፈሩ በእልልታ ወጣ። እህቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከኋላዋ አንዲት ትንሽ አሮጊት በዘንግ ተደግፋ ቆማለች። ከእናቴ እናት ወገን የሆነች ዘመድ መሰለችኝና ጎንበስ ብዬ ልስማት ስል፣ በኽምጣኛ ስሜን ጠራችኝ። እናቴ ነበረች። ስሄድ የማሽላ ነዶ በአንድ እጇ የምትጥል ሴት ነበረች፤ አሁን ሳቅፋት ነጠላዋን ብቻ ያቀፍኩ መሰለኝ። «ምን ሆንሽ?» አልኩ። «አርጅቼ ነዋ! ስድስት ዓመት ቀላል መሰለህ?» አለችና ሳቀች። ጥርሷም ረግፏል። ያን ቀን ረቡዕ ስለሆነ ሁሉም የጾም በላ፤ ምንም አልተገለጠልኝም።

ሐሙስ በግ ታረደልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ከድንጋይ በተሠራው ሕድሞ ቤታችን ውስጥ ተሰብስቦ ይበላል፣ ይጠጣል። ከፊቴ ካለው መርጬ ትልቁን ጉርሻ ጠቀለልኩና ወደ እናቴ አፍ ወሰድኩት። እጄን በእጇ ቀስ አድርጋ መለሰችው።

«ዛሬ ያንተ ቀን ነው» አለችኝ።

«የእኔ ስለሆነማ ነው! ለእኔ ደስታ አትበዪም?»

«አይ፣ ያንተ ጾም ነው ማለቴ ነው» አለች፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እያባበለችኝ። «ረቡዕና አርብ የእኔ፣ ሰኞና ሐሙስ ያንተ። አንተ ብላ ልጄ፣ አንተ እንግዳ ነህ።»

አልገባኝም። ጉርሻውን ይዤ ቀረሁ። እህቴ ከጎኔ ብድግ ብላ ወጣች፤ ተከትያት ወጣሁ። በረቱ አጠገብ ደረስኩባትና «ምን እያለች ነው?» አልኳት።

«ምን እያለች ነው ትለኛለህ ደግሞ?» አለች፤ ዐይኗ ደም ለብሷል። «‹ደርበሽ ጹሚልኝ፣ አደራ› ብለህ የጻፍክ አንተ አይደለህም? አሁን ስብ እየቆረጥክ ታጎርሳታለህ! አደራህን ልትረከብ ከሆነ የመጣኸው ያውልህ፣ አጥንቷን ተረከብ!»

ያን ጊዜ ነው ያ ወረቀት ከነጠረጴዛው፣ ከነኳሱ ትዝ ያለኝ። የበረቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ አልማረችኝም፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲነበብ እናቴ ነፍስ አባታችንን «የሁለት ሰው ጾም በአንድ ሆድ እንዴት ይጾማል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም «አንድ ቀን ሁለቴ አይጾምም፤ ልጁ ቀልዱን ይሆናል፣ ተይው» ቢሏት፣ «አደራ ብሎ የሚቀልድ ልጅ አልወለድኩም» አለች። ስለዚህ ለእኔ ሰኞንና ሐሙስን ያዘች። ለእኔ ሁዳዴ ደግሞ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲፈታ፣ እሷ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትቆያለች፤ ሲመሽም ቆሎና ውሃ ብቻ።

«ይህን እንኳ ችላው ነበር» አለች እህቴ። «ኋላ ‹በርቺ፣ ይብዛልኝ› ብለህ ስትጽፍ ግን ‹ልጄ አልበቃውም፤ አገሩ ኃጢአት ቢበዛበት ነው› ብላ ማክሰኞን ጨመረች። ቅዳሜና እሁድ እህል ውሃ መከልከል ሥርዓት አይፈቅድም ቢሏት፣ ወተትና ቅቤ፣ ሥጋና እንቁላል ጨርሳ ተወች። ከዚያ ወዲህ ቅባት ከአፏ ገብቶ አያውቅም። ያቺ ላምህ በዓመቱ ትወልዳለች፤ ወተቷን ጎረቤት ነው የሚጠጣው።»

«ለምን አልጻፍሽልኝም?»

«በማን እጅ ልጻፍ? በአባ እጅ? እሷ እያለች? ‹ከትምህርቱ እንዳታናጥቡት› ብላ ገዝታን!»

ወደ ቤት ተመልሼ በሰው ፊት እግሯ ላይ ወደቅሁ። «በቃሽ፣ ተይው፣ አውርጄልሻለሁ» አልኩ። አነሳችኝና «እንዲህ በወሬ አይሆንም፤ አደራ ሰው ባለበት ነው የሚመለሰው» አለች። አባን አስጠራሁ። እሳቸውም ያን ቀን ከሰዓት መጡ። ሦስታችን ተቀመጥን።

እናቴ «ትጾማለህ?» አለችኝ።

«እጾማለሁ። ከዛሬ ጀምሮ።»

እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። እጇ እንጨት ሆኗል። «እንግዲያው እንካ አደራህን» አለች። «አባ፣ ምስክር ይሁኑ። ግን ልጄ፣ ሙሉ አይደለም። የዛሬ ዓመት ታምሜ ራሴን ሳላውቅ ሁለት ቀን በጠዋት አጥሚት አጠጥተውኛል። ሁለት ቀን ጎድሎብሃል። ይቅር በለኝ።»

እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ! እኔን! በዚያ ሰዓት ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። አባ አቀርቅረው መስቀላቸውን ያገላብጣሉ። እናቴ እጄን እንደያዘች መልሴን ትጠብቃለች። «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ያን ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ፣ ትከሻዋ ወረደ። የጀመረችውን ሐሙስ ግን ሳትጨርስ አልፈታችም። «የተጀመረ ጾም መሐል ላይ አይጣልም፤ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ወተት እጠጣለሁ» አለች፤ እንደ ሕፃን ጓጉታ።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ወተቱን ለብ አድርጋ አመጣችው። እናቴ ጽዋውን ተቀብላ አማተበች፤ ሁለት ጊዜ ተጎነጨችና ዐይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። ብዙ አልቆየም፤ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠና ሁሉንም መለሰችው። ከሰዓት ሞከርን፤ መለሰችው። እሁድ በውሃ አቅጥነን ሞከርን። «ልቤ ይወደው ነበር» አለችኝ እያፈረች፤ «ሆዴ ግን ረስቶታል።»

የከተማውን ድሬሰር አመጣሁ። ደረቷን አዳመጠ፣ እግሯን ጫን ጫን አድርጎ አየ። ወደ ውጭ ወስዶኝ «ደረቷ ከታመመ ቆይቷል። ሰውነቷ ደግሞ የሚታገልበት ነገር አልቀረለትም» አለኝ። እኔ ራሴ አውቄው ነበር። ላም ብትሆን ኖሮ ገና ረቡዕ ዕለት በር ላይ አይቻት «ይህች አትከርምም» እል ነበር፤ እናቴ ስለሆነች ሌላ ሰው እስኪነግረኝ ጠበቅሁ። የገና ጾም ሲገባ አባ «በሽተኛ ናት፤ ጾም የለባትም» ብለው ፈቱላት። እሷም ታዘዘች፤ የሰጠናትን ሁሉ በአፏ ተቀበለች፤ ሆዷ ግን አልታዘዘም። ለገና አሥር ቀን ሲቀረው አረፈች።

በልቅሶው ላይ አልቃሾቹ በኽምጣኛ ያሞግሷት ነበር፤ የልጇን ጾም በሥጋዋ የተሸከመች፣ አደራዋን ሞልታ ያስረከበች እያሉ። ከአምደወርቅ ድረስ ሰው መጣ። ሰው ሁሉ ትከሻዬን ይስማል፣ «የታደልክ! እንዲህ ያለች እናት ለማን ተሰጠች!» ይለኛል። ከእህቴ በቀር ክፉ ዐይን ያሳየኝ የለም፤ እሷም ከቀብሩ በኋላ ታርቃኝ አብራኝ ትበላ ጀመር። አንድ ሰው እንኳ በጥፊ ቢመታኝ እንዴት በቀለለኝ!

በሦስተኛው ቀን፣ ከሠልስቱ ጸሎት በኋላ፣ አባ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከወይራው ሥር ጠሩኝ። ሰው እስኪሄድ ጠበቁ። አርጅተዋል፤ በዘንጋቸው ተደግፈው ነው የቆሙት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «አራት ዓመት ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ የኖረ ነው። ያ ደብዳቤህ ሲመጣ፣ አማርኛው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ነገርኳት፤ እምቢ አለች። እኔም ደግሜ አልተናገርኩም። በኽምጣኛ ስነግራት የቀልዱ ጣዕም ጠፍቶ እንደሆነስ? የነፍስ አባቷ ነኝ፤ ገዝቼ ላስተዋት እችል ነበር። እሷም አርፋለች፤ የእኔም ቀን ቀርቧል። አሁን እውነቱን ንገረኝ። ቀልድህን ነበር?»

ዐይናቸው ዐይኔ ላይ ነው። እውነቱን ብናገር እኚህ ሽማግሌ እህል አይበሉም። እውነቱን ብናገር ያ ሁሉ ሰኞና ሐሙስ፣ ያ ሁሉ ቆሎ፣ ኳስ ሊያይ ለቸኮለ ለአንድ ዋልጌ ቀልድ የተጾመ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሜ ነው፤ መቃብሯ ከዚያ ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ አፈሩም ገና አልደረቀም።

«ኧረ አባ!» አልኳቸው። «ይህን እንዴት ይጠይቁኛል? በአደራ ይቀለዳል? የምሬን ነው የጻፍኩት።»

በረጅሙ ተነፈሱ። «ተመስገን» አሉ፤ «እሷ ታውቅህ ነበር ማለት ነው።» ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው ዘረጉልኝ፤ ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩ።